ስማቸውን እናውቃለን፤ ፊልማቸውን ግን አላየንም
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የፊልም ክበብ ተማሪዎች ያሰሙት ንግግር)





ትምህርት ቤታችን የተመሠረተበትን ቀን በምናከብርበት በዚህ በዓል ጥቂት ቃል እንድናሰማ ስለ ተፈቀደልን ደስታችን ከፍ ያለ ነው። ልንናገር ያሰብነውም ባለሙያቸው በዓለም የታወቀ ሆኖ ሳለ፣ ለማየት ስለማይገኙ ፊልሞች ነው።

አንድ ቀን በክበባችን ስብሰባ ላይ «ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማን የሚያውቅ ማነው?» ተብሎ ቢጠየቅ ብዙ እጅ ተነሣ። «ጤዛ» የተባለው ፊልማቸው በ2000 ዓ.ም. በቬኒስ፣ በ2001 ዓ.ም. ደግሞ በዋጋዱጉ የፊልም በዓል መሸለሙን የሚያውቁ ነበሩ። ቀጥሎ «‹ምርት ሦስት ሺህ ዓመት›ን ያየ ማነው?» ሲባል ግን አንድም እጅ አልተነሣም። ይህ ዝምታ ነው ዛሬ እንድንናገር ያነሣሣን።

ፕሮፌሰር ኃይሌ በ1938 ዓ.ም. በጎንደር ተወለዱ። ወደ አሜሪካ ሄደው በመጀመሪያ በቺካጎ ትያትርን፣ ከዚያም በሎስ አንጀለስ የፊልም ሥራን ተማሩ። ከዚያም በዋሽንግተን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት አስተምረዋል። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በ1966 ዓ.ም. የአብዮት ወራት ወደ አገራቸው መጥተው አነሡት፤ ፊልሙም በ1968 ዓ.ም. ለተመልካች ቀረበ። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ፣ በአማርኛ የሚነገር፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል የሚፈጅ ነው። የተጫወቱትም የፊልም ሙያተኞች ያልሆኑ ሰዎች ናቸው።

ታሪኩ የአንድ ጭሰኛ ቤተሰብ ታሪክ ነው። ባለ መሬቱ ከፍ ካለ ቦታ ተቀምጦ ይቈጣጠራል፤ ቤተሰቡ ከንጋት እስከ ማታ ይለፋል። ልጅቱ የጌታውን ላም ከደራሽ ውሃ አድናለሁ ስትል ሕይወቷ ያልፋል። መሬቱን የተነጠቀውና ሰው ሁሉ እንደ እብድ የሚቈጥረው ሰው ደግሞ እውነቱን የሚናገር እርሱ ሆኖ ይገኛል።

ይህን ፊልም ለማየት ብዙ ደከምን። በከተማችን ፊልም በፍላሽ ወደሚጭኑ ሱቆች ብንሄድ ሁሉም የውጭ አገር ትርጉምና አዲስ ፊልም ብቻ ነበራቸው። በስልክም ብንፈልግ ያገኘነው ቍርጥራጭ ነው። በመጨረሻ ታሪኩን በቃል ለአንድ የሆሳዕና አካባቢ ሽማግሌ አጫወትናቸው። ጸጥ ብለው ካዳመጡ በኋላ፣ «ልጆቼ፣ ይህ የአባቴ ታሪክ ነው፤ ማን ነገራቸው?» አሉን።

እኛም ያን ጊዜ አስተዋልን። የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ እስኪወጣ ድረስ፣ ጭሰኝነት በሐድያና በከምባታም ቤት የገባ ነበር። ስለዚህ ፊልሙ የጎንደር ሰው ይሥራው እንጂ ነገሩ የሆሳዕናም፣ የዱራሜም፣ የሾኔም ነው።

ከዓይን የራቀው ይህ ፊልም ብቻ አይደለም። በ1957 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ረጅም የኢትዮጵያ ፊልም «ሂሩት አባቷ ማነው?» በስም እንጂ በዓይን አይታወቅም። የሚሼል ፓፓታኪስ «ጉማ»ም እንዲሁ ነው፤ «ጉማ» የሚባለውን የፊልም ሽልማት የሚያውቅ ወጣት ሁሉ ፊልሙን አይቶታል ማለት አይደለም። በሌላውም ዓለም ቢሆን፣ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2006 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት፣ በዚያች ባለጸጋ አገር ከተሠሩት ድምፅ አልባ ረጃጅም ፊልሞች ከመቶው 70 ያህሉ ጠፍተዋል።

ምክንያቱ ምንድን ነው? ፊልም በሙቀትና በእርጥበት ይበላሻል፤ ኮምጣጤ ኮምጣጤ እየሸተተም ይኰማተራል። ማሳያ መሣሪያው ሲያረጅ ምትክ አይገኝለትም። አከፋፋይም ትርፍ የማያይበትን ሥራ አይፈልግም። «ሳንኮፋ» የተባለው የባርነት ታሪክ ፊልም በ1985 ዓ.ም. ሲወጣ የአሜሪካ አከፋፋዮች አንቀበልም ስላሉ፣ ፕሮፌሰር ኃይሌ ሲኒማ ቤት እየተከራዩ ከከተማ ወደ ከተማ አሳይተውታል። በ2014 ዓ.ም. ታድሶ በኔትፍሊክስ ሊታይ የበቃውም የሚጠብቀው ሰው በመኖሩ ነው።

እናቶቻችን ቆጮን በጉድጓድ ቀብረው አይረሱትም። እየከፈቱ ያዩታል፤ ያረጀውን ኮባ በአዲስ ይለውጡለታል። የተቀመጠ ነገር ሁሉ ጠባቂ ይፈልጋል። እኛ ግን ይህን በገዛ ቤታችን አልፈጸምንም። አምና ያዘጋጀነውን ድራማ በአንድ ስልክ ብቻ ቀድተን ነበር፤ ስልኩ ሲበላሽ ድራማውም አብሮ ጠፋ። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቈጠራል እንደሚባለው ሆነብን። ሌላውን ለመውቀስ አፍ የለንም።

ስለዚህ ሦስት ነገር አስበናል። አንደኛ፣ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በሕጋዊ መንገድ፣ ከባለ መብቱ ፈቃድ ጠይቀን ለማስመጣትና በዚህ አዳራሽ ለማሳየት ነው። ሁለተኛ፣ በዚያ ቀን ሽማግሌዎችን ከፊት አስቀምጠን፣ የሚነግሩንን በሐድይኛ፣ በከምባትኛና በአማርኛ ለመቅዳት ነው። ሦስተኛ፣ የቀዳነውን ሁሉ በሁለት የተለያየ ቦታ አኑረን፣ በየዓመቱ እየከፈትን ለመመርመር ነው።

ክቡራን ወላጆቻችን፣ የምንለምናችሁ ገንዘብ ብቻ አይደለም። አያቶቻችንን ይዛችሁልን ኑ። ፊልሙ ቢዘገይ ምናልባት አንድ ቀን ይመጣል፤ ታሪኩን በዓይናቸው ያዩት ግን ዕድሜያቸው አይጠብቀንም።