ድንች መቀቀልም ዕውቀት ይፈልጋል

(ይህ ጽሑፍ አንዲት የማኅበራችን አባል በጥርባ በተካሄደው የአባላት ወርኃዊ ስብሰባ ላይ ያደረጉት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች በመጠኑ አሳጥረን አቅርበነዋል።)



ዛሬ ስለ ድንች ቅቅል እንድናገር ስመደብ አንዳንዶቻችሁ ስትሳሳቁ ሰምቻለሁ። «ውሃና እሳት ካለ ድንች ለመቀቀል ምን ትምህርት ያስፈልጋል?» ያለችም አለች። አልፈርድባትም፤ እኔም ስንት ዓመት እንደዚያው ስል ኖሬአለሁ። ሐሳቤን ያስለወጠኝ ባለፈው ክረምት በቤቴ የደረሰው ነገር ነው። የሚያኮራ ታሪክ አይደለም። ነገር ግን እዚህ ካልተነገረ የት ይነገራል ብዬ ተነሥቻለሁ።

ክረምት እንዴት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ጎተራው ይጎድላል፣ የልጆች ሆድ ግን አይጎድልም። ያን ጊዜ ቤቱን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው ድንች ነው። እኔም ከጓሮዬ ያወጣሁትን ድንች እንደ ልማዴ ለየሁት። ትልልቁንና የጠራውን ለገበያ በጆንያ አሰርሁ። ለቤት የቀረው ጥቃቅኑና ከዘር የተረፈው ነበር። ይህ የዘር ትራፊ ብርሃን ሲያገኘው ከርሞ አረንጓዴ ሆኗል፤ ማቆጥቆጥም ጀምሮ ነበር። «ምን ይሆናል፣ እሳት ያላሸነፈው ነገር የለም» ብዬ አጥቤ ቀቀልሁት።

ትንሿ ልጄ አንዱን ቀመሰችና «እማ፣ ይመራል» አለችኝ። «ጠግበሽ ነው! ብዪ!» አልኋት። በላች። ሌሊት ሆዷን ቁርጠት ያዛት፣ አስመለሳት፣ አስቀመጣትም። ሲነጋ ተሸክሜ ወደ ጤና ባለሙያ ሮጥሁ። ባለሙያዋ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ምን በላች?» ብላ ነው። ስነግራት ራሷን ነቀነቀች። ልጄ ተርፋለች፣ ዛሬ እየሮጠች ነው፤ ተመስገን። እኔን ግን እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ አንድ ነገር አለ፤ ልጅቱ ነግራኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ የግብርና ባለሙያውንም የጤና ባለሙያዋንም እየጠየቅሁ የተማርሁትን ነው ዛሬ የማካፍላችሁ።

ድንች ብርሃን ሲያገኘው አረንጓዴ ይሆናል። አረንጓዴው ቀለም ራሱ ጉዳት የለውም፤ በቅጠል ላይ ያለው ቀለም ነው። ነገር ግን ምልክት ነው። ብርሃን ያገኘው ድንች ከቀለሙ ጋር ሶላኒን የሚባል መራራ መርዝም ያበዛል። መርዙ የሚበዛው በልጣጩ፣ በዓይኑና በቡቃያው ላይ ነው። ሰውን ሆድ ይቆርጣል፣ ያስመልሳል፣ ያስቀምጣል፣ ራስም ያሳምማል። የልጅ ሰውነት ትንሽ ስለሆነ ትልቁን የማይጎዳ መጠን ልጅን ይጥላል። ከሁሉ የሚብሰው ግን እኔ ያልገባኝ ነገር ነው፤ ይህ መርዝ በመቀቀል አይጠፋም። ውሃው አንድ ሰዓት ቢፈላም መርዙ እዚያው ነው። እሳት የማያሸንፈው ነገር አለ ማለት ነው።

ታዲያ ስህተታችን ከየት መጣ? ለዘር የሚሆን ድንች ብርሃን በሚያገባ መደርደሪያ ላይ እንዲቀመጥ ተምረናል፤ ትክክል ነው። ብርሃኑ ቡቃያውን አጭርና ጠንካራ ያደርገዋል። የሚበላው ድንች ግን የሚፈልገው ተቃራኒውን ነው፤ ጨለማ፣ ቀዝቃዛና ነፋስ የሚያገኘው ቦታ። እኛ ሁለቱን አንድ ላይ እናስቀምጥና ከዘር የተረፈውን ወደ ድስት እንመልሳለን። እህቶቼ፣ የዘር ድንች አንዴ ለዘር ከተቀመጠ ዘር ነው። ወደ ድስት አይመለስም።

አሁን ወደ አቀቃቀሉ ልግባ።

መጀመሪያ ልዩ። በሰፌድ ላይ አድርጋችሁ በቀን ብርሃን አንድ በአንድ እዩት። አረንጓዴው ብዙውን ክፍል የያዘውን፣ የተጨማደደውን፣ በጣም ያቆጠቆጠውንና የበሰበሰውን አስወግዱ። ለከብትም አትስጡ፤ ከብትንም ይጎዳል። ትንሽ ነጥብ ብቻ አረንጓዴ የሆነበትን ያን ቦታ ከነልጣጩ ወፈር አድርጋችሁ ቆርጣችሁ ጣሉ። ከተቀቀለ በኋላም የመረረ ከሆነ አይበላ።

ሁለተኛ፣ እኩያ እኩያውን አንድ ላይ ቀቅሉ። ትልቁና ትንሹ አንድ ድስት ከገቡ ትልቁ እስኪበስል ትንሹ ይፈርሳል። በደንብ እጠቡ እንጂ አትላጡ፣ አትክተፉ። ልጣጩ ውሃ ወደ ውስጥ እንዳይገባና ጠቃሚው ነገር ከድንቹ ወጥቶ እንዳይቀር ይጠብቀዋል።

ሦስተኛ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ጀምሩ። ብዙዎቻችን ጊዜ ለማትረፍ በፈላ ውሃ ውስጥ እንጨምረዋለን። ያን ጊዜ ላዩ ቶሎ ይበስልና ይሰነጠቃል፤ ልቡ ግን ጥሬ ይቀራል። ውሃው ከድንቹ በላይ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ይበል። ጨው ጣል አድርጉበት፤ ድስቱንም ክደኑ።

አራተኛ፣ እሳቱን የምታበረቱት እስኪፈላ ድረስ ብቻ ነው። ከፈላ በኋላ ቀንሱት። ይህን ስል «እኛ ደገኞች እሳት ካላነደድን እንዴት ይበስላል?» ትሉኝ ይሆናል። ምክንያቱን ልንገራችሁ። በባሕር ዳርቻ ባለ አገር ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው። ከፍታ ሲጨምር ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ያለች ስለሆነች በዚያ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ደጋ ላይ ድንች ለመብሰል ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። ነገር ግን አንዴ ከፈላ በኋላ እንጨት ብንከምርበትም ውሃው ከዚያ በላይ አይሞቅም። ትርፉ ድንቹን ማላተም፣ ውሃውን መጨረስና ከሰል ማባከን ነው። የዲከረንስ ከሰል ከጆንያው ስንት ብር እንደሚወጣበት ማናችንም አንረሳም። በቀስታ ይንተክተክ፤ ይበቃዋል።

አምስተኛ፣ በሰዓት ብቻ አትመኑ። መካከለኛው ድንች ከፈላ በኋላ ግማሽ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ሊፈልግ ይችላል፤ እንደ ዝርያውና እንደ መጠኑ ነው። ንጹሕ ስንጥር ወስዳችሁ ትልቁን ውጉት። እስከ ልቡ ያለ ችግር ከገባ በስሏል። ወዲያው ውሃውን አጥልሉና ድስቱን ለጥቂት ደቂቃ ረመጥ ላይ መልሱት፤ እርጥበቱ ይተናል፣ ድንቹም ዱቄታም ይሆናል። በውሃው ውስጥ ከተተወ ይላሽቃል። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ደግሞ ለዕለቱ የሚበቃውን ብቻ ቀቅሉ።

ገበያ ላይ ቅቅል ለምትሸጡ እህቶች ይህ የገንዘብ ጉዳይም ነው። እኔ ራሴ አንድ ቀን ተቻኩዬ በኃይለኛ እሳት ቀቅዬ የወሰድሁት ግማሹ ፈርሶ ነበር። ያልፈረሰውንም ገዢ ነክሶ ልቡ ጥሬ ሆኖ መለሰልኝ። አሁን ለይቼ፣ በቀስታ ቀቅዬ፣ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኜ ከሚጥሚጣና ከጨው ጋር አቀርባለሁ። ደንበኛ ራሱ ይፈልገኛል።

ባለፈው አንዲት እህታችን ከአዲስ አበባ የመጣው ልጇ ሆት ዶግ የሚባለውን ቋሊማ በፌስታል ይዞላት እንደመጣና ስትቀቅለው ፈንድቶ እንደተበላሸባት ነግራናለች። የእሱም ነገር ከዚህ ብዙ አይርቅም። የፋብሪካው ቋሊማ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የበሰለ ነው፤ የሚፈልገው እስከ ውስጡ በደንብ መሞቅ ነው። ውሃውን አፍልታችሁ እሳቱን ቀንሱ፤ ቋሊማውን ጨምራችሁ ሳይንፈቀፈቅ ለጥቂት ደቂቃ አቆዩት። ውስጡ እንፋሎት እስኪወጣው ድረስ ካልሞቀ ግን አይበላ። መንገድ ላይ ሲሞቅ የዋለ ከሆነም ተጠራጠሩት፤ ቅዝቃዜ የሚፈልግ ምግብ ነው። ለሕፃናት ስትሰጡ በቁመቱ ሰንጥቃችሁ ከዚያ ክተፉት፤ ክብ ክቡን ከቆረጣችሁት ጉሮሮ ላይ ሊሰነቀር ይችላል።

ድንች ለአገራችን እንግዳ ሆኖ የመጣ ነው። ያስገባው ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሺምፐር እንደሆነ፣ ጊዜውም እ.ኤ.አ. በ1858 እንደነበረ ይነገራል። ዛሬ ግን የቤት ልጅ ሆኗል። የአዴት ግብርና ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2001 ከለቀቃቸው ዝርያዎች አንዱ «ዘንገና» ይባላል፤ በእንጅባራ አጠገብ ካለው ሐይቃችን ጋር አንድ ስም ማለት ነው። በሦስትና በአራት ወር ደርሶ ከእህሉ ቀድሞ የሚያጎርሰን እሱ ነው። እንዲህ ያለ ባለውለታ በአያያዛችን ጉድለት ልጆቻችንን ሊያሳምም አይገባም።

ስለዚህ ሁለት ነገር ለማኅበራችን አቀርባለሁ። አንደኛ፣ እያንዳንዳችን በቤታችን የዘሩንና የሚበላውን ድንች ለየብቻ እናስቀምጥ፤ የሚበላውን በጨለማ፣ ዘሩን በብርሃን። ጨለማ ክፍል የሌላት በወፍራም ጆንያ ሸፍና ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ ታስቀምጥ። ደጋፊዎቻችንም አቅማችሁ በፈቀደ ጊዜ ለአባላቱ በጋራ የሚሆን አንዲት የድንች ማስቀመጫ ብናገኝ ልፋታችን ከብልሽት ይድናል።

ሁለተኛው ገንዘብ አይጠይቅም። ከገበያ በፊት ድንቹን ስንለይ የመጀመሪያው ንጹሕ ቁና ለቤት ይሁን። ደህናውን ለገበያ፣ አረንጓዴውን ለልጅ ማለት ይብቃን። ብሩን የምንፈልገው ለማን ሆነና? ልጅ «ይመራል» ካለም እንስማው፤ ምላሱ ከእኛ ይልቅ ያውቃል።

እኔ አሁን ድስት ስጥድ ትንሿን ልጄን እጠራትና አንድ ላይ እንለያለን። አረንጓዴ ካየች «እማ፣ ይህ ለዘር ነው!» ትለኛለች። ከእኔ ይልቅ ጎበዝ ሆናለች።