ኩሬያችን ስንት ዓሣ ይችላል? የዓሣ ጫጩት አጨማመርና አያያዝ
(ለሞዴል አርሶ አደሮች በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ የቀረበ ገለጻ)

ብዙዎቻችሁ ለመስኖ ብላችሁ የቆፈራችሁት ወይም ጂኦሜምብሬን ያነጠፋችሁበት ኩሬ አላችሁ። ውኃው አትክልት ከማጠጣቱ በተጨማሪ ዓሣ ማብላት ይችላል። ዛሬ የምነግራችሁ ጫጩቱን በምን ያህል ቁጥር፣ መቼና እንዴት እንደምትጨምሩ ነው። በዚህ ላይ የተሳሳተ ሰው ስምንት ወር ቀልቦ ጣት የማታክል ዓሣ ያወጣል።

1. ኩሬ የሚሸከመው ክብደት ነው

ማሽላ በዝቶ ሲበቅል ምን ታደርጋላችሁ? በሽልሻሎ ታሳሱታላችሁ። ካላሳሳችሁት አገዳው ይቀጥናል፣ ራሱም ያንሳል። ዓሣም እንዲሁ ነው። 10 ሜትር በ15 ሜትር የሆነ ኩሬ 150 ካሬ ሜትር ስፋት አለው። ይህ ኩሬ ባለው ምግብና አየር 50 ኪሎ ግራም ዓሣ ይችላል እንበል። 250 ዓሣ ከሆነ እያንዳንዱ 200 ግራም ይመዝናል፤ ለገበያም ለሰሐንም ይበቃል። 1,000 ዓሣ ከሆነ ግን ያው 50 ኪሎ ለ1,000 ይከፋፈልና እያንዳንዱ 50 ግራም ይሆናል። ይህን ማንም አይገዛችሁም።

ስለዚህ በፍግና በቤት ቀለብ ለሚያድግ ቆሮሶ በአንድ ካሬ ሜትር 2 ጫጩት በቂ ነው። ለ150 ካሬ ሜትር 300 ማለት ነው፤ ከመካከሉ የሚሞተውም ታስቦበታል። ጫጩት በነፃ መጣ ተብሎ 1,500 ቢሰጣችሁ 300ውን ወስዳችሁ ቀሪውን ለጎረቤት አካፍሉ።

2. ቆሮሶና አምባዛ

ቆሮሶ ሙቀት ይወዳል። በደንብ የሚያድገው የውኃው ሙቀት ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ነው። ወደ 16 ዲግሪ ሲወርድ ቀለብ መብላቱን ይተዋል። ስለዚህ የደጋ አርሶ አደር ከቆላው ወንድሙ የበለጠ ወራት መጠበቅ አለበት።

የቆሮሶ ትልቁ ችግር ቶሎ መራባቱ ነው። ገና ሳያድግ፣ በጥቂት ወራት ዕድሜው መፈልፈል ይጀምራል። ሴቷ እንቁላሉንና ጫጩቱን በአፏ ይዛ ስለምትጠብቅ ብዙው ይተርፋል። 300 ጨምራችሁ የነበረው ሳታውቁት ሺህ ይሆንና ከላይ ያልነው ችግር ይመጣል። መፍትሔው ሁለት ነው።

አንደኛው ወንዱን ብቻ መጨመር ነው። ዓሣው ከ30 እስከ 50 ግራም ሲደርስ ከሆዱ በታች ሲታይ ወንዱ 2፣ ሴቷ 3 ቀዳዳ አላት። ይህን ለመለየት እጅ መለማመድ ስለሚጠይቅ መጀመሪያ ከባለሙያ ጋር ሆናችሁ ሥሩ።

ሁለተኛው አምባዛን እንደ ጠባቂ መጠቀም ነው። አምባዛ የተፈለፈሉትን ትንንሾች እየበላ ቁጥሩን ይቀንሳል፣ ራሱም ያድጋል። ለ300 ቆሮሶ ከ15 እስከ 30 አምባዛ ይበቃል። ነገር ግን ቆሮሶው ከገባ ከአንድ እስከ ሁለት ወር በኋላ ጨምሩት፤ ሲገባም ከቆሮሶው ያነሰ ይሁን። ትልቅ አምባዛ ቀድሞ ከገባ ዋናውን ቆሮሶ ይጨርስባችኋል።

3. ውኃው አረንጓዴ ሳይሆን ጫጩት አይገባም

ባዶ ኩሬ ላይ በተለይ አፈሩ አሲዳማ በሆነበት አካባቢ ለ100 ካሬ ሜትር ከ10 እስከ 20 ኪሎ ግራም የእርሻ ኖራ በትኑ። ውኃ የሚገባበትን ቱቦ በወንፊት ሽቦ ሸፍኑ፤ አለበለዚያ የዱር ዓሣና እንቁራሪት ይገባል። ከዚያ ውኃ ሙሉና በሳምንት ለ100 ካሬ ሜትር እስከ 10 ኪሎ ግራም የከብት እበት፣ የዶሮ ኩስ ከሆነ ግን ግማሹን፣ በአንድ ጥግ በአጥር ከልላችሁ ጨምሩ። ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ውስጥ ውኃው ወደ አረንጓዴ ይለወጣል። ይህ አረንጓዴ ነገር በዓይን የማይታይ ደቃቅ ተክል ሲሆን ለቆሮሶ ዋናው መኖ እሱ ነው።

መለኪያው ክንዳችሁ ነው። እጃችሁን ውኃ ውስጥ ቀጥ አድርጋችሁ አስገቡ። ውኃው ክርን ላይ ሲደርስ ጣቶቻችሁ ከጠፉ ልክ ነው። ክርን ድረስ ገብቶም ጣት ጥርት ብሎ ከታየ ፍግ ጨምሩ። ገና አንጓ ላይ ሳለ መዳፋችሁ ከጠፋ በዝቷልና ፍግ አቁሙ።

4. ጫጩቱን ማጓጓዝና መልቀቅ

ጫጩት የምታገኙት በወረዳችሁ ግብርና ጽሕፈት ቤት በኩል ጠይቃችሁ ነው፤ ባሕር ዳር ያለው የዓሣ ምርምር ማዕከል በዚህ ላይ ይሠራል። ከወንዝ በመረብ ይዞ ማምጣት ግን የማታውቁትን ዘርና በሽታ አብሮ ያመጣል።

ከመጓዙ በፊት ባለው ቀን ጫጩቱ አይመገብ። ጉዞው በማለዳ ይሁን። ኩሬው ዘንድ ስትደርሱ ከነፌስታሉ ውኃው ላይ አንሳፍፉትና ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ጠብቁ። ከዚያ የኩሬውን ውኃ በጣሳ ጥቂት በጥቂት ጨምሩበት። በመጨረሻ ፌስታሉን አዘንብሉና ራሱ ዋኝቶ ይውጣ። ከባልዲ መድፋት በድንገተኛ የሙቀት ለውጥ ይገድለዋል። በማግሥቱ የሞተ ካለ ቆጥራችሁ መዝግቡ።

5. ቀለብና የጠዋት ጥበቃ

ፍሩሽካ፣ የኑግ ፋጉሎ፣ የጠላ አተላ ሁሉም ይሆናል። መጠኑ በዓሣው ክብደት ነው። ለምሳሌ 300 ዓሣ በአማካይ 50 ግራም ከደረሰ ድምሩ 15 ኪሎ ነው፤ በቀን ከመቶ 4 ስንሰጥ 600 ግራም ቀለብ ይሆናል። ጠዋትና ማታ ከፍላችሁ፣ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ስጡ። የተረፈ ቀለብ ካያችሁ ቀንሱ። በወር አንድ ጊዜ 20 ያህል ዓሣ በመረብ ያዙና መዝኑ፤ አማካዩን አውጥታችሁ ቀለቡን አስተካክሉ።

ጎህ ሲቀድ ኩሬያችሁን እዩ። ዓሣው አፉን ከውኃ በላይ አውጥቶ የሚያለከልክ ከሆነ አየር አጥሮታል። አረንጓዴው ተክል ቀን አየር ይሰጣል፤ ሌሊት ግን እሱም ይወስዳል፤ ስለዚህ ችግሩ የሚብሰው ንጋት ላይ ነው። ወዲያው ፍግና ቀለብ አቁሙ፣ ንጹሕ ውኃም አስገቡ። ፀረ ተባይና ፀረ አረም የምትረጩበት ማሳ ውኃው ወደ ኩሬው እንዳይወርድ የመቀልበሻ ቦይ ቆፍሩ። የብርብራ ፍሬም ዓሣን ያሰክራል፣ ይገድላልም፤ ከኩሬው አርቁት።

6. ተክል፣ ቀንድ አውጣና ልጆቻችን

ኩሬው ላይ የሚንሳፈፍ ተክል ያምራል ብሎ መጨመር አይገባም። ብርሃን ከልሎ አረንጓዴውን ይገድላል። እምቦጭ ጣናን ምን እንዳደረገው ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ አንዲት ሥር እንኳ ወደ ኩሬያችሁ አትግባ። ዳርና ዳር ያለውን ሣር እጨዱ፤ የቀንድ አውጣና የወባ ትንኝ መደበቂያ እሱ ነው።

አንዳንዱ ቀንድ አውጣ የብልሃርዝያ ትል ተሸካሚ ነው። ትሉ ከቀንድ አውጣው ወጥቶ ውኃ ውስጥ በቆዳ በኩል ወደ ሰው ይገባል። ስለዚህ ኩሬ ውስጥም ዳርም ማንም አይጸዳዳ፣ ልጆች አይዋኙበት፣ የምትገቡትም ረጅም ቦት ጫማ አድርጉ። በሰገራው ወይም በሽንቱ ደም ያየ ሰው ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ጂኦሜምብሬን የተነጠፈ ኩሬ ደግሞ ያንሸራትታል፤ የወደቀ ልጅ መውጫ ያጣል። ጫጩት ከመምጣቱ በፊት ዙሪያውን እጠሩ፣ ከዳር ወደ ውስጥ የሚወርድ የተቋጠረ ገመድም እሰሩ። ዓሣው ቢሞት ሌላ ይተካል፤ ልጅ አይተካም።

7. መቼ እንጨምር?

በዐቢይ ጾም የዓሣ ፈላጊ ይበዛል። ሞቃት አካባቢ ያላችሁ ክረምቱ እንደወጣ መስከረም ላይ ብትጨምሩ በመጋቢት ማውጣት ትጀምራላችሁ። ቀዝቀዝ ያለ አካባቢ ያላችሁ ግን ሁለት ሦስት ወር አስቀድማችሁ፣ የጎርፍ መቀልበሻ ቦዩን ጨርሳችሁ ጀምሩ። በጋ ላይ ውኃው ለዓሣና ለመስኖ አብሮ የማይበቃ ከሆነ ከወዲሁ አስቡበት፤ ቢያንስ አንድ ሜትር ጥልቀት ይቅር።

ከዚህ ስትመለሱ የምትሠሩት የመጀመሪያ ሥራ ኩሬያችሁን በሜትር መለካት ነው። ርዝመቱን በወርዱ አባዙ፣ ያገኛችሁትን በ2 አባዙ፣ ያንን ቁጥር ጽፋችሁ ለልማት ጣቢያ ሠራተኛችሁ ስጡ። ከዚያ በላይ ጫጩት አትቀበሉ። በመጋቢት ሚዛን ይዘን ኩሬያችሁ ዳር እንገናኝ።