ሮም ያየነውና አቃቂ ያለን
(በቀድሞ ተማሪዎች የመገናኛ ቀን፣ አቃቂ ቃሊቲ፣ ቂሊንጦ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ጣሊያን ቆይተሽ መጥተሻል፣ ስላየሽው ንገሪን» ሲሉኝ ስለ ፒሳ ግንብ የማወራ መስሏቸው ይሆናል። እሱን ሁላችሁም በፎቶ አይታችሁታል። እኔ ለሥልጠና ሄጄ በትርፍ ጊዜዬ የዞርኩት እኛን ፍለጋ ነው።

ፍሎረንስ፣ ኡፊዚ ሙዚየም ውስጥ ሰዉ ቦቲቼሊን ለማየት ይጋፋል። በኮሪደሩ ግን ቀና ካላችሁ፣ ከጣሪያው ሥር ከተደረደሩት የታላላቅ ሰዎች ሥዕሎች መካከል አፄ ልብነ ድንግል አሉ። ክሪስቶፋኖ ዴል አልቲሲሞ ለሜዲቺዎች የገለበጠው ነው። ሠዓሊው ንጉሡን በዓይኑ አላያቸውም፤ ስማቸው ግን እዚያ ደርሷል።

ቫቲካን ደግሞ ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ኋላ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባል ቤተ ክርስቲያን አለ። የደብረ ሊባኖሱ መነኩሴ አባ ተስፋ ጽዮን እዚያ ተቀምጠው፣ በኛ አቆጣጠር በ1541 ዓ.ም. ገደማ ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳትመዋል። እስቲ አስቡት፣ ማተሚያ ቤት አገራችን ከመግባቱ ስንት መቶ ዓመት በፊት!

ከሮም ባቡር ጣቢያ ስትወጡ ፊት ለፊት ያለው አደባባይ «የአምስት መቶዎቹ» ይባላል። አምስት መቶዎቹ እነማን መሰሏችሁ? በ1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ያለቁት ወታደሮች ናቸው። መንገደኛው ሻንጣውን እየጎተተ ያልፋል እንጂ ማን ይጠይቃል!

የአክሱም ሐውልታችን የቆመበትንም ቦታ አየሁ፤ ዛሬ የፋኦ ዋና መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት ነው። 24 ሜትር ገደማ ቁመትና 150 ቶን ያህል ክብደት ያለው ድንጋይ በ1930 ዓ.ም. እዚያ ተተከለ። በ1939 የተፈረመው የሰላም ውል የተዘረፈው ሁሉ በ18 ወር ይመለስ ይላል። ሐውልቱ ግን በሦስት ተከፍሎ በአንቶኖቭ አውሮፕላን የመጣው በ1997 ዓ.ም. ነው። 58 ዓመት! የተመለሰውም ደከመኝ ሳይሉ የጠየቁ ሰዎች ስለነበሩ ነው።

ታዲያ ይህን ሁሉ እዚህ አቃቂ ላይ ለምን አነሳሁት? የጣሊያን ታሪክ ደጃችንም ስላለ ነዋ! በ1927 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን የአቃቂ ራዲዮ ጣቢያ የሠራው አንሳልዶ የተባለ የጣሊያን ኩባንያ ነበር። በወረራው ዋዜማ የኢትዮጵያ አቤቱታ ለዓለም የተሰማው በዚያው ጣቢያ ነው። ጠላት በሠራው መሣሪያ ጠላትን ከሰስንበት! ወንዙን ተከትላችሁ ብትወርዱ ደግሞ ከአገሪቱ የመጀመሪያዎቹ የውኃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱን፣ አባ ሳሙኤልን ታገኛላችሁ። ለዓመታት ቆሞ በቻይና ዕርዳታ ተጠግኗል። ስንቶቻችን ሄደን አይተነዋል?

ጣሊያኖቹ የተሸነፉበትን ጦርነት እንኳ በአደባባይ ስም አስቀምጠዋል። እኛ ያሸነፍንበትን ቦታ የሚጠቁም አንድ ሰሌዳ ቢኖረን ምን ይለናል?

ስለዚህ ማኅበራችንን የምጠይቀው ትልቅ ገንዘብ አይደለም። መምህራን ለተመራቂ ተማሪዎች የአካባቢውን አሮጌ ግንባታዎች መለካትና መመዝገብን የመመረቂያ ሥራ አድርጋችሁ ስጧቸው። እኛ የቀድሞ ተማሪዎች ደግሞ የመጓጓዣውንና የካሜራውን ወጪ እንቻል። ከሁሉ በፊት ግን የፋብሪካና የባቡር ጡረተኞችን ድምፅ እንቅረጽ። ድንጋይ ከ58 ዓመት በኋላም ይመለሳል፤ እነሱ ግን አንዴ ከሄዱ አይመለሱም።