ከቄራ ትራፊ ስለሚዘጋጅ የእንስሳት መኖ
(በማዘጋጃ ቤት አዳራሽ ለከተማው ሕዝብ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ የቆምኩት ስለ ዶሮና ስለ ላም ቀለብ ለመናገር ነው። ጕዳዩ ለዚህ አዳራሽ ያነሰ የሚመስለው ሰው ቢኖር አልፈርድበትም፤ እኔም ቀድሞ እንደዚያ አስብ ነበርና።

ከቄራ የሚተርፈው ደም፥ አጥንትና የሆድ ዕቃ ተቈራርጦ ሲቀቀል ሞራው ይለያል፤ የቀረው ደርቆ ይፈጭና ዱቄት ይሆናል። ይህ ዱቄት ለዶሮ እጅግ የሚጠቅም ምግብ ስለ ሆነ፥ ትራፊው ወንዝ ከሚጣል ይልቅ ለዚህ መዋሉ የሚመሰገን ነው። ሥራውን ለመንቀፍ አልመጣሁም። የመጣሁት ዱቄቱ ከየትኛው እንስሳ እንደ ወጣና ለየትኛው እንስሳ እንደሚሰጥ ሳይለይ ሲቀር የሚደርሰውን ለማስረዳት ነው።

ለዚህ ከእንግሊዝ አገር የሚበልጥ ምስክር የለም። (ዓመቶቹን የምጠራው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።) በዚያ አገር የሥጋና የአጥንት ዱቄት ለላሞች፥ ለጥጆች እንኳ ሳይቀር፥ ይሰጥ ነበር። በ1986 ዓ.ም. ላሞችን የሚያስደነብር፥ የሚያንቀጠቅጥና የሚጥል አዲስ በሽታ መነሣቱ ታወቀ፤ ሕዝቡም የላም ዕብደት አለው። በሽታውን ያዛመተው ፕሪዮን የሚባል ቅርጹ የተበላሸ ፕሮቲን ሲሆን፥ ከታመሙት ከብቶች አንጎልና ኅብለ ሠረሠር ወደ ዱቄቱ ይገባ ነበር። እንደ ሌላው ተውሳክ በመቀቀል አይሞትም። ስለዚህ በ1988 ዓ.ም. በሐምሌ ወር፥ ከሚያመሰኩ እንስሳት የተሠራ ዱቄት ለሚያመሰኩ እንስሳት እንዳይሰጥ መንግሥቱ ከለከለ።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ክልከላው ከወጣ በኋላ ከተወለዱት ከብቶች መካከል እንኳ ከ40,000 የሚበልጡት በዚሁ በሽታ ተያዙ። ስለ ምን? ዱቄቱ ለአሳማና ለዶሮ እንደ ተፈቀደ ስለ ቀረ፥ ያው ፋብሪካ፥ ያው መፍጫ፥ ያው የጭነት መኪና የላሙንም መኖ ያስተናግድ ነበር። ከታመመ ላም አንጎል አንድ ሚሊግራም፥ ይኸውም የሦስት የጤፍ ፍሬ ያህል፥ ጥጃን ሊያስይዝ እንደሚችል በምርመራ ተረጋግጧል። በ1996 ዓ.ም. በሽታው ወደ ሰው ሳይተላለፍ እንዳልቀረ ለምክር ቤቱ ተነገረ፤ ዱቄቱም ለእርሻ እንስሳት ሁሉ ተከለከለ። በጠቅላላው ከ180,000 በላይ ከብቶች ታመሙ፤ ከ4 ሚሊዮን በላይ ለጥንቃቄ ታረዱ፤ 178 ሰዎችም ሞቱ፥ አብዛኞቹም ወጣቶች ነበሩ።

ይህ በሽታ በከተማችን ታየ ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ያው መፍጫና ያው ጆንያ በእኛም ዘንድ አሉ። ባለቤቱን አልጠራም እንጂ፥ በአንድ ግቢ የዶሮ መኖ የተፈጨበት ወፍጮ ሳይጸዳ ለላም ፋጉሎ ሲፈጭበት በዓይኔ አይቻለሁ። በዚያው ግቢ ደምና አጥንት በክፍት በርሜል ይቀቀላል። የአውሮፓ ሕግ ግን ቁራጩ ከ50 ሚሊሜትር ሳይበልጥ፥ በ133 ዲግሪ ሙቀትና በ3 ባር የእንፋሎት ግፊት 20 ደቂቃ እንዲቆይ ያዝዛል፤ ይህም እንኳ ፕሪዮንን ፈጽሞ አያጠፋውም። ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ባለች እንደኛ ባለች ደገኛ ከተማ፥ በክፍት በርሜል የፈላ ውኃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይቆማል። ቢንተከተክም የአባ ሰንጋን ዘር ይገድላል ብሎ መታመን አይቻልም። ደኅና የተቀቀለውም ቢሆን፥ ጥሬው በተዛቀበት አካፋ ከታፈሰ ሳልሞኔላ ተመልሶ ይገባበታል፤ ከዶሮው አልፎም ዕንቁላሉን ከሚበሉት ልጆቻችን ይደርሳል።

ባለፈው ሳምንት አንድ አረጋዊ ዶሮ አርቢ፥ «ልጄ፥ ታዲያ ደሙን የት እናድርሰው?» ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄያቸው የተገባ ነው። በሐኪም ተመርምሮ ከታረደ ጤነኛ ከብት የተገኘው ደም ግፊት ባለው ማብሰያ ተዘጋጅቶ፥ ለብቻው በተለየ ወፍጮ ተፈጭቶና «ለዶሮ ብቻ» የሚል ጽሑፍ ባለበት ጆንያ ተሞልቶ ለዶሮዎቻቸው ይሁን አልኳቸው። አንጎልና ኅብለ ሠረሠር ግን ለማንም እንስሳ አይሰጥም፤ ይቃጠል። በድንገት የሞተ ከብትም ሳይገፈፍና ሳይከፈት ለእንስሳት ሐኪም ይነገራል እንጂ፥ አጥንቱ በርሜል አይገባም። እርሳቸውም ማብሰያው ስንት እንደሚያወጣ ጠየቁኝ። ለአንድ ሰው ብቻ ይከብዳል፤ ሹማምንቶቻችን ከአርቢዎቹ ጋር ተቀምጠው በማኅበር ስለሚገዛበት መንገድ እንዲነጋገሩ የምለምነው ስለዚህ ነው።