ስለ ዜማና ስለ ሰውነት እንቅስቃሴ
በነቀምቴ ለመምህራንና ለአገር ሽማግሎች የተነገረ ንግግር



ዛሬ የምነግራችሁ ነገር ስለ ጎረምሶቻችንና ስለ ኮረዶቻችን ሰውነትና አእምሮ ነው። የሰውነት ማጎልመሻ ሰዓት በደረሰ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ኳሱ ለጥቂት ጎበዞች ይሰጣል፤ የቀሩት ወንዶች ቆመው ይመለከታሉ፤ ሴቶች ልጆችም ከዳር ይቀመጣሉ። የወለጋ ዝናብ በግንቦትና በሰኔ በበረታ ጊዜ ደግሞ ሜዳው ጭቃ ስለሚሆን ጨዋታው ለሁሉም ይቀራል።

የዓለም የጤና ድርጅት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2020 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፥ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያለ ልጅ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ልቡ ፈጥኖ እስኪመታ እንዲንቀሳቀስ፥ በሳምንትም ቢያንስ 3 ቀን ጡንቻንና አጥንትን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል። ይህን ለመፈጸም ኳስ ብቻውን አይበቃም። በዜማ የሚመራ እንቅስቃሴ ግን ሰፊ ሜዳም ብዙ ገንዘብም አይጠይቅም፤ ከበሮና ጭብጨባ ይበቃዋል፤ በዳስ ውስጥም ይሠራል።

በስዊስ አገር በጄኔቭ የሙዚቃ መምህር የነበረው ኤሚል ዣክ ዳልክሮዝ፥ ተማሪዎቹ የዜማውን ምት መጠበቅ ባቃታቸው ጊዜ በእግራቸው እየተራመዱ እንዲማሩት አደረገ፤ ስሙም በዚህ ታወቀ። ዳሩ ግን ያገራችን ሰው ይህን ከጥንት ያውቀዋል። በደቦ የሚያጭድ ገበሬ ክንዱን በዘፈን ያስተካክላል፤ የወለጋ ወጣቶችም በዲቺሳ ምድሩን ባንድነት እየረገጡ ይጫወታሉ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1904 ዓ.ም. ኦኔሲሞስ ነሲብ ወደ ነቀምቴ መጥተው ሲያስተምሩ አብረዋቸው የሠሩት አስቴር ጋኖ የኦሮሞን ተረትና ዘፈን የሰበሰቡ ነበሩና፥ ዘፈን በዚህ ከተማ ለትምህርት ባዕድ አይደለም።

ጥቅሙን እንመልከት። ልብና ሳንባ በመሥራት ይበረታሉ። አጥንት በጉርምስና ዘመን እጅግ ስለሚጠነክር፥ ምድርን መርገጥና መዝለል ያጸናዋል። ተራውንና ምቱን መጠበቅ ማስተዋልንና ማስታወስን ያለማምዳል። ዜማው ድካምን ስለሚያስረሳ ልጁ ሳይሰለች ይቈያል፤ በደንብ የተንቀሳቀሰም ልጅ ሌሊት በደኅና ይተኛል። ባለፉት ዓመታት በወለጋ በሁከት ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፥ ብዙ ቤተ ሰብም ተፈናቅሎ ነበር። በዚያ ያለፈ ልጅ ከጓደኞቹ ጋራ ባንድ ምት በቆመ ጊዜ ብቻውን አለመሆኑን ያውቃል። ይህ የሐኪምን ሥራ አይተካም፤ ነገር ግን ለልብ ዕረፍት ይሰጣል።

ሥርዓቱ እንዲህ ነው። ተማሪዎቹ በሁለት ሰልፍ ይቁሙ። 5 ደቂቃ በዝግታ ይራመዱ። ከዚያም አንዱ ሰልፍ ሲዘፍንና ሲያጨበጭብ ሁለተኛው ይርገጥ፥ ይዝለል፥ እጁን ያንሣ፤ ተራም ይለዋወጡ፤ ይህም 15 ደቂቃ ይሁን። በመጨረሻ 5 ደቂቃ እየቀዘቀዙ ይጨርሱ። መናገር እየቻለ መዝፈን የሚያቅተው ልጅ በልክ ሠርቷል፤ መናገርም ያቃተው ይረፍ። ያልበላውን ልጅ አታስገድዱት። ከጉሮሮ ሕመም በኋላ መገጣጠሚያው ያበጠ ወይም ቶሎ ትንፋሽ የሚያጥረው ልጅ ቢኖር፥ ሕመሙ ልብን ሊጎዳ ይችላልና አስቀድሞ ወደ ጤና ጣቢያ ይላክ።

ሽማግሎች ሆይ፤ «ትምህርት ቤት የጭፈራ ቦታ ነውን?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ጥያቄያችሁ ስለ ክብር ነውና ተገቢ ነው። ስለዚህ ዘፈኑን እናንተው ምረጡ፤ ሴቶች ልጆች ለብቻቸው መሰለፍ ቢወዱ ይሰለፉ፤ መምህሩም ከፊታቸው አይለይ። ነገር ግን ሴት ልጅ ስለ ክብር ተብሎ ከዳር ተቀምጣ አትቅር፤ እርስዋም ነገ ሸክም የምትሸከም፥ ልጅ የምትወልድ፥ የምታስተምርም ናትና።

በእጃችሁ የያዛችሁት በትር የቃናው ርጥብ ሳለ ነው። ልጆቻችንም እንዲሁ ናቸው። እንግዲህ በሚመጣው ሰኞ ከበሮውን አውጡ።