«ጆይን»፦ አንዴ ብቻ የሚጠይቅ ግሥ

ዛሬ ስለ አንዲት የእንግሊዝኛ ግሥ ላወራችሁ ነው፤ «ጆይን» ስለምትባለው። «ይቺንማ ዙም ላይ በየቀኑ እጫናታለሁ» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እኔም አውቃታለሁ ብዬ ነው የተሸወድኩት።

ሥራ በጀመርኩበት የመጀመሪያው ሳምንት ነው። ቡድናችን ውስጥ ከውጭ አገር የመጡ ስላሉ የምናወራው በእንግሊዝኛ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ አንዷ መጣችና «ዉድ ዩ ላይክ ቱ ጆይን አስ?» አለችኝ። «ኖ፣ ታንክስ» አልኳት። እርቦኝ ነበር እኮ! ግን እኛ ቤት እንግዳ መጀመሪያ «አይ፣ በልቻለሁ» ይላል፤ ባለቤቶቹ «በሞቴ!» ይላሉ፤ እጅ የሚታጠበው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ «በሞቴ»ውን ስጠብቅ እነሱ ተነስተው ሄዱ። በማግስቱም እንደዚሁ። በሦስተኛው ቀን የጠየቀኝ የለም። ወር ሙሉ ብቻዬን በላሁ። «አይፈልጉኝም» ብዬ ደመደምኩ፣ ሥራውን ልለቅም አስቤ ነበር።

አንድ ቀን ቡና ስንቀዳ ያቺው ልጅ፣ ብቻዬን መብላት የምወድ መስሏቸው እንደተዉኝ ነገረችኝ። ደነገጥኩ። እነሱ እኮ ከልባቸው ነበር የጠየቁት፤ አንዴ ብቻ ጠየቁ እንጂ።

እንግዲህ ቃሏን እንያት። ዕቃ ከዕቃ ጋር ስትገጥሙ፣ ለምሳሌ ቧንቧን ከቧንቧ ጋር፣ «ጆይን» መሃል ላይ «ቱ» ታስገባለች። ሰው ወደ ሰዎች፣ ወደ ቡድን፣ ወደ ጻቫ ሲገባ ግን «ቱ» የለም። ብዙዎቻችን «አይ ጆይንድ ቱ ዘ ቲም» እንላለን። ለምን? በዕብራይስጥ «ሂጽታራፍቲ ላጼቬት» ስለምንል፣ ያቺ «ለ» ተከትላን ትመጣለች። እዚህ ላይ አማርኛችሁ ይርዳችሁ፦ «ቡድኑን ተቀላቀልኩ»። «ን» ብቻ ናት፤ በእንግሊዝኛም በቀጥታ «አይ ጆይንድ ዘ ቲም» ነው። ሌሎች የጀመሩት ጨዋታ ወይም ዘፈን ውስጥ ስትገቡ ደግሞ «ጆይን ኢን» ይባላል።

የቃሉ ሥር ላቲን ነው፤ እንግሊዝኛ ውስጥ የገባው በፈረንሳይኛ በኩል ነው። በላቲን ማገናኘት ማለት ነው፤ በሬ መጥመድም ማለት ነው። የእንግሊዝኛው «ዮክ»፣ ማለትም ቀንበር፣ የዚያው ዘር ቃል ነው።

አያቴ ጎንደር ገበሬ ነበሩ። ይህን ስነግራቸው ሳቁ። «ወይፈን እኮ የሚገራው ሥራ ከለመደ በሬ ጋር ተጠምዶ ነው» አሉኝ። «መጀመሪያ ይፈራል። አንገቱን ካልሰጠ ግን ማን ያርስበታል?» እኔም «አባባ፣ ከሰው ጋር ስቀላቀል ራሴን የማጣ ይመስለኛል» አልኳቸው። «ወተትና ውሃ ነው የሚቀላቀለው ልጄ» አሉ። «ቀዩ በሬ ከጥቁሩ ጋር ስለተጠመደ ቀለሙ አይለወጥም።»

ይቺን ይዤ ነው በማግስቱ ሳህኔን አንስቼ ወደ ጠረጴዛቸው የሄድኩት። እጄ እየተንቀጠቀጠ «ካን አይ ጆይን ዩ?» አልኩ። ወንበር ሳቡልኝ። በቃ፣ ይኸው ነው። ዛሬም አብረን እንበላለን።

ስለዚህ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። አያቶቻችሁ ቤት ስትሄዱ «በሞቴ» እስክትባሉ ጠብቁ፤ እዚያ ያምራል። ሥራ ቦታና ዩኒቨርሲቲ ግን አንዴ ሲጠይቋችሁ «ሹር» በሉ። ካልጠየቋችሁም እናንተው ጠይቁ፣ ያለ «ቱ»።