የፊደላችን ባለውለታ

ጸሐፊነቱን የተረከብኩ ሰሞን የሆነውን የምታስታውሱ አላችሁ። እዚሁ ልደታ በኮምፒዩተር ያስጻፍነው የመዋጮ መዝገብ ሌላ ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ሆነ። «ከፍያለሁ»፣ «አልከፈልሽም» ብዙ አጣላን። ለካ ያኔ እያንዳንዱ የአማርኛ ፕሮግራም ፊደሉን በየራሱ ቁጥር ነበር የሚያስቀምጠው፤ አንዱ የጻፈውን ሌላው አያነበውም።

ልጄ ኮምፒዩተር ስትማር ስለ ዳንኤል ያዕቆብ ነገረችኝ። በአካል አላውቀውም፣ ውለታው ግን አለብኝ። ከይትና ፍርድይወቅ ጋር፣ በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ አማርኛ ወደ ራሳችን ፊደል የሚመለስበትን «ሴራ» የተባለ ዘዴ አወጡ። (ስሙ ያስቃል፤ ተንኮል ግን የለበትም።) በኋላም ከሌሎች ጋር ሆኖ ፊደላችን የዓለም ኮምፒዩተሮች ሁሉ በሚጋሩት በዩኒኮድ እንዲገባ ደከመ። በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ገባ። ዛሬ አማርኛ ስጽፍላችሁ በየስልካችሁ የምታነቡት በዚያ ነው።

የዚያን ዓመቱን መዝገብ ግን ከሊቀመንበራችን ደብተር እየቀዳሁ እንደገና ጻፍኩት። ሦስት ሌሊት ፈጀብኝ።